ዝምታውን ስቆጥር

ፔኒሽ ላይ ነፋሱ መስኮት ሲደበድብ፣
ጀልባ ከጀልባ ጋር ገመድ ሲሳሳብ፣
እኔ የምሰማው አንተን ነው፣ አዴሊኖ፣
ትንፋሽህ ናፍጣ እንዳነሰው ሞተር ሆኖ።

ይነሳል፣ ይንገራገጫል፣ ዳገት ይወጣል፣
ከዚያ እንደ ድንጋይ ቁልቁል ይናዳል።
የታች ቤቷ ጎረቤት፣ ዶና ኤርሜሊንዳ፣
ጣሪያዋን በመጥረጊያ እንጨት ትነርታለች፤
ጠዋት ደረጃ ላይ ስታገኘኝ ደግሞ
«ባልሽ ማታ ስንት ግንድ ፈለጠ?» ትላለች።

ማታ ታንኮራፋለህ፣ ጠዋት አኮርፋለሁ፤
ዳቦውን ቆርሼ ሳልናገር እሰጥሃለሁ።
«ማን? እኔ?» ትላለህ እንቁላል እየላጥክ፣
እንቅልፍህ ቀላል እንደሆነ እየማልክ፤
«ደግሞስ አባቴም አያቴም ያንኮራፉ ነበር፤
በጉም ቀን በነሱ ድምፅ ነው ጀልባ የገባው ከባሕር።»

ትስቃለህ። እኔን የሚያስፈራኝ ጩኸቱ አይደለም።
ጩኸት ይለመዳል፤ ማዕበል እንኳ ለምደን የለም?
የማይለመደው ሲቆም ነው። ድንገት ሲቆም።
ደረትህ ይታገላል፤ አየር ግን የለም።
በጨለማ ውስጥ ጣቶቼን አጥፋለሁ፤
አንድ፣ ሁለት፣ እስከ ሃያ ሦስት ቆጥሬ አውቃለሁ።
ሃያ አራት ላይ፣ ከውኃ እንደወጣ ሰው፣
ትንፋሽህ ተመልሶ ክፍሉን ሲያናውጠው
አልቅሼ አውቃለሁ፤ አንተ አልሰማህም።
የገዛ ሞቱን ተኝቶ የሚያሳልፍ እንዳንተ አላየሁም።

ከዚያ ያቺ ማክሰኞ መጣች።
ወደ ኦቢዱሽ መንገድ፣ ቀይ መብራት ላይ፣
አስራ ዘጠኝ ተሳፋሪ አውቶቡስህ ላይ፣
አረንጓዴ በራ። ቢጫ። ቀይ። እንደገና አረንጓዴ።
አገጭህ ደረትህ ላይ።
አንዲት ተማሪ መጥታ ትከሻህን ነካች፣
«ጋሼ፣ ደረስን እንዴ?» አለች።

ያን ዕለት ማታ ወይኑን አልከፈትክም።
«ሐኪም ጋ እንሂድ» አልክ፤ አልሳቅክም።

ዶክተር ግራሳ አንገትህን በሜትር ለካች፤
ስንት ብርጭቆ ትጠጣለህ፣ በጀርባህ ነው ወይ የምትተኛው አለች።
«ሰው ሲተኛ ሥጋውም አብሮት ይተኛል፤
ምላስ ወደ ኋላ፣ ወደ ጉሮሮ ይንሸራተታል፤
ውፍረት ይጫነዋል፣ እንጥል ይንቀጠቀጣል፤
አየር በጠባብ በር ሲጋፋ ይጮኻል።
በሩ ጨርሶ ሲዘጋ ግን ጩኸቱም ይጠፋል።»
እኔም በሆዴ፦ እኮ! እሱን ነው የምቆጥረው!

ከዚያ አፍንጫህን አየች። «ይሄ አጥንት ጠማማ ነው፤
መቼ ነው የተሰበረው?»
«በሃያ ዓመቴ፣ ጭፈራ ቤት፣ በዚህች ሴት የተነሳ»
አልክ፣ ጣትህ ወደ እኔ ተነሳ።
ለካ ከመንስኤዎቹ አንዷ እኔ ነበርኩ!
ይህን ሁሉ ዘመን በራሴ ዕዳ ነው ያኮረፍኩ።

ኮይምብራ አንድ ሌሊት፤ ሽቦ በግንባርህ፣ ሽቦ በደረትህ፣
ቀይ መብራት በጣትህ።
ውጤቱ መጣ፦ ትንፋሽህ ቆሟል፣ በሰዓት አርባ አንድ ጊዜ።
አርባ አንድ! እኔ ነቅቼ ስቆጥር በትካዜ
ከግማሽ በላዩን እንቅልፍ ሰርቆኛል ለካ።

አሁን ከአልጋው አጠገብ የጫማ ሳጥን የሚያክል ማሽን አለ፤
ቱቦ አለው፣ ጭንብል አለው፣ አየር እየገፋ በሩን ከፍቶ የሚያሳድር።
የመጀመሪያው ሌሊት ሁለቴ ወረወርከው።
«ጠላቂ መሰልኩ» አልክ፣ «ለዚያውም ውኃ የሌለው።»
በሦስተኛው ሳምንት በጎንህ ተኛህ፤
እራት ቀለል አለ፤ ወይኑንም ለእሁድ አቆየህ።

ያን ሌሊት እኔ አፈጠጥኩ። ዝም ሲል ያስፈራኝ የለ?
እጄን ደረትህ ላይ ጣልኩ። ከፍ አለ። ዝቅ አለ። ከፍ አለ።
ነፋሱ፣ ገመዱ፣ ባሕሩ፣ ተራ በተራ ተሰሙኝ፤
አስራ አንድ ዓመት ከመስኮቱ ውጭ ቆመው የጠበቁኝ።

ጠዋት፣ የጭንብሉ መስመር ጉንጭህ ላይ እንዳለ፣
«ህልም አየሁ» አልክ፣ እንደ ሕፃን፣ ፊትህ እየበራ።
ስለ ጫማ ነበር። አንዱ እግር የጠፋ።
ገበያ አለ፣ ዓሣ አለ፣ አጎትህ አሉበት፣ ደግሞ ጫማው፤
መጨረሻ የለው፣ ለዛም የለው።
ከታች ዶና ኤርሜሊንዳ በመጥረጊያዋ ቤት ትጠርጋለች።
እኔ ዳቦውን እየቆረስኩ
«እሺ፣ ከዚያስ?» አልኩ።