አንድ እፍኝ

ሳሙና በር ቁልቁል፣ ከቆርቆሮው ጥላ፣
አይቸው ይፈጫል፣ ሃያ ሁለት ዓመት፣ የሰው ጤፍ፣ የሰው ባቄላ፤
ሽፋሽፍቱ ነጭ ነው፣ ጢሙ ነጭ፣ ትከሻው ነጭ፤
ልጆች ይሉታል፣ «ሳያረጅ የሸበተ፣ ሳይበላ የሚፈጭ»።

በታኅሣሥ አንድ ማለዳ፣
ውርጩ ከአንገረብ ወጥቶ ደጅ ሲጠና እንደ ባዳ፣
ቀበቶውን አጥብቆ ሞተሩን ሲቀሰቅስ፣
የለመደው ሳል መጣ፤ ያዘው እስኪያጎነብስ።

ቀና ሲል፣ በአንጓች ዱቄት፣ በዚያ በማኛው ጤፍ ላይ፣
አንዲት ነጥብ፤ የምስር ግማሽ የማትሞላ፤ ቀይ።

«አይቻለሁ» አለች አንጓች፣ ነጠላዋን አጣፍታ።
«ያቺን እፍኝ አወጣታለሁ፤ እከፍልሻለሁ በፈንታ።»
«እፍኟን ተዋት!» አለች፤ «ዱቄት በሚዛን ይሰፈራል፣
አንተን ግን ማን መዝኖህ ያውቃል?»
በባጃጅ ወሰደችው፤ አልቀረም መገላመጥ፣
እሱ ከነዱቄቱ፣ እሷ ከነቁጣዋ፣ ባጃጁ ዳገቱን ሲናጥ።

ቀጭን ገመድ ነበረች፣ ጫፏ ላይ መብራት ያላት፤
በአፍንጫው አዘለቀቻት ዶክተር ውዳላት።
ጉሮሮው ደንዝዟል፤ ምራቁን አይውጥም፤
ዓይኑ ግን ክፍት ነው፤ ከስክሪኑ አይነቀልም።

በሕይወቱ ያልረገጠውን፣ የገዛ አገሩን አየ፤
እርጥብ፣ ቀላ ያለ፣ ዋሻ መሳይ መንገድ፣ እየተከፈለ፣ እየተለያየ፤
በግድግዳው ላይ ደግሞ ከፀጉር የቀጠኑ
ቀያይ መስመሮች፣ እየተገናኙ እየተበተኑ፤
ቅዳሜ ከወለቃ፣ ከቀሃም ወዲያ ማዶ፣
የሴቱ፣ የአህያው ዱካ፣ ወፍጮው በር እንደሚገጥም ማልዶ።

«ምንድን ናቸው?» አለ በእጁ፤ አፉ የሱ አልነበረም።
«ደም ስር ናቸው» አለች፤ «ለየብቻ ስም እንኳ የላቸውም።
የምትስበው አየር ብርድ ለብሶ ይመጣል፣
ያሞቁታል፣ ያርሱታል፤ ከዚያ ነው ወደ ሳንባህ የሚዘልቀው፤
አንተ ስትተኛም ሥራ ላይ ናቸው።
አንዷ ናት የደማችው፤ ዱቄትህ የጎዳት፤
ትድናለች። አፍህን ሸፍነህ ፍጭ፤ አትክዳት።»

አይቸው ተጋድሞ አሰበ፦
ስር ይሉታል፤ ዛፍ የሌለው፣ ፍሬ የሌለው ስር፤
ካልደማ የማይጠራ፤ የሚታወስ ሲነስር።
ወፍጮም እንዲሁ ነው፤
ሰፈር የሚሰማው ሲቆም።

በሳምንቱ አሮጌ ሻሽ አፉ ላይ አስሮ፣
አንጓችን ጠየቃት፣ ጆንያዋን ከአህያዋ አውርዶ፦
«ያቺን እፍኝ ምን አደረግሻት?»
«ለዶሮዬ። ምነው? ትጥልልኛለች እንቁላል፤
ይልቅ ሚዛኑን እየው፤ ግማሽ ኪሎ ይጎድላል።»

ሳቀ። ሻሹን ገለጥ ሲያደርግ፣ ከአፉ ጭጋግ ወጣ፣
ነጭ፣ ለብ ያለ፣ ከውስጥ የመጣ፤
እጁን ሰዶ ዳሰሰው፤ ሞቀው። «ሥራው የእነሱ…»
«የነማን?» አለች አንጓች።
ሞተሩ ጮኸ፤ ጠፋ መልሱ።