ጣሪያ

ማንዛኒታ ፍላት፣ ከጥዱ ተራራ ሥር፣
አንድ መንገድ፣ አንድ ፖስታ ቤት ያላት መንደር፣
ነዳጅ ሻጯ እኔ ነኝ።
የመኪናውን ሁሉ ጥም በስም አውቃለሁ፤
ማን እስከ አፍ ገደፉ፣ ማን የአሥር ዶላር ብቻ እንደሚል፣
ገና ሲገባ ከፊቱ አነባለሁ።

ቀይዋ ግን፣ ሠላሳ ሁለት ዓመቷ፣
በሳሏ ትለያለች፣ ሳይታይ መብራቷ።
አለቃው ኦስተርሃውት ይወርዳል፣ ጉልበቱን እያሻሸ፣
"በመዝገብ ያዥልኝ" ይላል፣ ዓይኑን እያሸሸ።
እይዛለሁ።
ከሚያዝያ ወዲህ ሁሉም በዱቤ ነው፤
ገንዘብ ጠፍቶ ቢሆን ይገባኝ ነበር፤ ነገሩ ግን ሌላ ነው።

ግብሩን ከፍለናል። ባንክ ቤት ተኝቷል።
ጋኑ ሙሉ ነው፤ ጭልፋው ጠቧል።
ከአርባ ዓመት በፊት የተጻፈ አንድ አንቀጽ
"በዓመት ከዚህ በላይ አትቅዱ" ብሎ በጋኑ አፍ ተቀምጧል፣
ስሙም የወጪ ጣሪያ ተብሏል።
አሁን "የውሳኔ ሐሳብ ጄ" በፖስታ መጣልን፤
ጣሪያው ለአራት ዓመት ከፍ ይበል?
አዎ ወይስ አይ?

ሎርና ፊንከል ጣሪያ ሲባል ትስቃለች፣
ሳቅ ከተባለ።
ባለፈው ነሐሴ የእሷው ተቃጠለ።
ቀይዋ ደረሰች፤ ደርሳም ቆመች፤
ፓምፗ ሁለቴ አስነጠሰ፣ በሦስተኛው ዝም።
በስብሰባው ቀን፣ በትምህርት ቤቱ የኳስ አዳራሽ፣
ሌላው ስለ ፐርሰንት ሲከራከር ተነሣችና፣
"ምስማሮቹን ከአመዱ በማግኔት ለቀምኳቸው፤
ሦስት የቀለም ጣሳ ሞሉ" ብላ
ተቀመጠች። አዎም በሉ፣ አይም በሉ አላለችም።

ዴልማር ፕሩኤት ግን አለ።
"ጣሪያ አንዴ ከተነሣ፣ መልሶ የሚከድነው የት አለ?
አራት ዓመት ብቻ ይላሉ፤
የመንግሥት አራት ዓመት ጺም ሲያበቅል አይቻለሁ።
ጡረታዬም ጣሪያ አለው፤ እሱን እናንሣ ያለ አልሰማሁ።
ዝናቡ የሚወርደው በማን ራስ ላይ ነው?"
አጥሩ ላይ ሰሌዳ ተከለ፤ "ጄ ይውደቅ" የሚል፣
በገዛ ብሩሹ፣ ቀለሙ እየተንጠባጠበ።
መልስ አልነበረኝም፤
ከሃያ ዶላሩ የሦስቱን መልስ ብቻ ሰጠሁት።

ድምፅ ስጡ፣ ድምፅ ስጡ ሲሉን ከረሙ፤
ምርጫው አምስት ሌሊት ሲቀረው ግን ድምፅ የሰጠችው
የጣቢያው ጣሪያ ላይ ያለችው ሳይረን ናት።
ከሸለቆው ማዶ ደረቁ ሣር ተያያዘ።
ከሁሉ ቀድሞ የሮጠው፣ የግራ ቦቲውን በቀኝ አጥልቆ፣
ዴልማር ነው፤ በነጻ፣ እንደ ሃያ ስድስት ዓመቱ ሁሉ።
ቀይዋ በደጁ ስታልፍ ሰሌዳው
በመብራቷ በራ፣ ጠፋ፣ በራ፤
"ጄ ይውደቅ"፣ ጨለማ፣ "ጄ ይውደቅ"፣
እሱ ከኋላዋ፣ እንዳይወድቅ ብረቱን ጨብጦ።

በማግስቱ ወረቀቴን ከካዝናው አጠገብ ዘረጋሁ፤
"አዎ" ከሚለው ጎን ያለችውን ክብ አጠቆርኩ።
ከዚያ መዝገቡ ዓይኔ ገባ፤
ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አርባ።
አሁን ይኼ አዎ የማን ነው?
የሎርና ጣሪያ ነው፣ ወይስ የኔ ሂሳብ ነው?
እጄን ጠየቅሁት። ናፍታ ናፍታ ከመሽተት በቀር
አንድ ቃል አልተነፈሰም።
ፈርሜ አሸግኩት፤ ፖስታው ጀርባ ላይ
የአውራ ጣቴ ቅባት ቀረ።

ቆጠራው አላለቀም። በአሥራ አንድ ድምፅ ተለያይተዋል አሉ፤
የቀሩት ፖስታዎች ገና ይከፈታሉ።
ዛሬ ንጋት ላይ ሳሏን ሰማሁ።
መሪው ላይ ዴልማር ነው፤ የቅንድቡ ጫፍ ተለብልቧል።
አሥራ ዘጠኝ ጋሎን።
ቧንቧውን ሰቅዬ ዞር ስል፣
"በመዝገብ ያዥልኝ" አለኝ፣
ዓይኔን ዓይኔን እያየ።