ለራሱ ስትል

ሃሌ፣ ከዛሌ ወንዝ ዳር፣ ጨው የሠራት ከተማ፤
ሌሊቱን ሲዘንብ በረዶ በጨለማ፣
ዴትሌፍ በመኪናው ጨው ጭኖ ወጣ፣
መንገዱ ሰው እንዳይጥል ንጋት ሲመጣ።
ድልድይ ላይ በተነ፣ ዳገት ላይ በተነ፤
ሰው ሳይነሣ በፊት ጭነቱ መነመነ፤
ወደ ግቢው ገባ፣ ሞተሩን አጠፋ፣
ከጋቢናው ወርዶ ሁለት እርምጃ ሲገፋ፣
ጨው ያላገኘች አንዲት ክንድ መሬት
ከገዛ ደጁ ላይ ጣለችው በማጅራት።

አሁን አልጋ ሰባት፣ ከኔ ጋር ነው።
ከቅሉ የገባች ሽቦ ቁጥር ትጠራለች፦
ሃያ ሁለት፣ ሃያ ስድስት፣ ሠላሳ አንድ አለች።
ራስ ቅል ጠባብ ቤት ነው፤ በር የለው መስኮት፤
እያበጠ ላለ አንጎል መሸሻ የለበት።
በመብራት ጠየቅሁ የግራ ዓይኑን ብሌን፤
መልሱ ዘገየ። መጣች ዶክተር ማርሌን።
«ማኒቶል?» ስላት ራሷን ወዘወዘች፤
«ደም ግፊቱ ወርዷል፤ ጨው ይሻላል» አለች።

ጨው።
ድስት የሚያጣፍጠው፣ በረዶ የሚሰብረው፣
ከጠርሙስ ተንጠልጥሎ ጥርት ብሎ ሳየው!
ውኃ ጨው ይከተላል፤ ሕጉ ይኸው ነው ባጭሩ፤
ከአንጎሉ ጉያ ወጥቶ ይገባል ወደ ደም ሥሩ።

«ጨው፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ» ነበር ተረቱ፤
እኔ ግን በዚያች ሌሊት ቀየርኩት ከመሠረቱ፦
ጨው፣ ለራሱ ስትል ጣፍጥ፣ ለዚህች ለተሰነጠቀች ራስ፤
ውኃውን ጠርተህ አውጣ፤ ዓይኑ ብርሃን ይመልስ።
ያለዚያ ድንጋይ ነህ፤ እሱ ድንጋይ አልቸገረው፤
ድንጋዩንማ ጠዋት ከንጣፉ ላይ ጠግቦ ነው የመጣው።

ሃያ ስምንት። ሃያ አራት።
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት።
አሥራ ዘጠኝ።
ሶዲየሙ መቶ ሃምሳ ሁለት፤ ከዚህ በላይ ፈራን።
አሞሌ ድሮ ገንዘብ ነበር፤ በሬ ይገዛ ነበር፤
ዛሬ የገዛልን ጥቂት ሰዓት ነው፣ እስኪነጋ ለማደር።

ካሮላ፣ ሚስቱ፣ መጣች፤ ጓንቷን ሳታወልቅ
የጠርሙሱን ጠብታ ቆጠረች እስኪያልቅ።
«ምንድነው እሱ?»
«ጨው ነው» አልኳት። ዝም አለች።
ሳቅ ይሁን ሲቃ፣ ከጉሮሮዋ አንድ ነገር አወጣች።
«ለደም ግፊት ብለው ጨው ከለከሉት፤
አሥር ዓመት ሙሉ አልጫ አበላሁት፤
የጨው ዕቃውን ከቁም ሣጥን ላይ ደበቅሁት።»

እጁን ያዘች።
ውጭ ሌላ መኪና ጨው እየበተነ አለፈ፤
ከሁለቱ እጆች አንዱ፣ የማን እንደሆነ እንጃ፣ ትንሽ ታጠፈ።