ሰምና ብር

ደብረ ብርሃን ሌሊት፣ ውርጭ መስኮት ሲልስ፣
እኔ በካፖርቴ፣ በጓንቴ ስተነፍስ፣
ሠላሳ ሰባት ላይ ሞቆት ሲርመሰመስ
ከጋሽ ዘውገ ቁስል የመጣው ተሕዋስ፣
እሱ ነው ባለቤት፤ እኔ ነኝ እንግዳ።

የመንዝ ሰው ናቸው፣ ባና ሸማኔ።
«ኪኒኑንማ ለመደው» አሉኝ፣ «ከቁስሌ ጋራ
ጎረቤት ሆነዋል፤ ማታ ማታ ይጠያየቃሉ በተራ።»

አባቴ የቅኔ ሰው ነው፤
«ሰሙን ግፈፊና ወርቁን አውጪ» ሲል አሳደገኝ።
ይህ ብር ግን አሳፈረኝ፦
ልብሱን የነፈግሁት፣ እርቃኑን ያደረ፣
እርስ በርሱ ተጣብቆ፣ ተጓጉሎ ጠቆረ፣
ከብልቃጡ ግርጌ አመድ ሆኖ ቀረ።
ከአንኮበር ዳገት የለቀምኩትን ጦስኝ
ጭማቂውን የለበሰው ግን
ደቃቅ እንደሆነ፣ ጠጅ መስሎ ሰነበተ።
ሰሙ ነው ያቆየው። አባቴ ይስማኝ።

ሲነጋ ሣጥኑን ከፈትኩት።
በነጣው መስክ መሃል፣ ብሩን ባኖርኩበት፣
ክብ፣ ጥርት ያለ፣
ጣት የሌለው ቀለበት።
ማስመሪያ አስጠጋሁ፦ አሥራ አራት ሚሊሜትር።
ደግሜ ለካሁ። አሥራ አራት።

የጋሽ ዘውገን ቁጥር ከስልኬ አወጣሁ፣
መልሼ ዘጋሁት።
ሳህን እግር አይደለም፤
ገና ነው።
ብቻ ያን ጠዋት፣ እጄን ስታጠብ፣
ብርዱን ረሳሁት።