የሌምፒ ገመድ

ከዜሮ በታች ሠላሳ፣ ካያኒ ላይ ሲመሽ፣
ካሌርቮ ገመዱን ሰካ፦ «ሌምፒዬ፣ እንዳይበርድሽ።»

አሮጌ ዳትሰን ናት፣ ቀለሟ የሰናፍጭ፣
ስትነሳ ታስላለች፣ ትንፋሿ ነጭ በነጭ፤
ዳገት ላይ ታኮርፋለች ካላቆላመጧት፣
ማርሽ አልገባም ትላለች ሌላ እጅ ከነካት።

ሳይሚ ግን ከመስኮት «ወንድ ነው» ትላለች፣
«እንደ ወንድምህ ያንጠባጥባል» ብላ ትስቃለች።

በአገራቸው ቋንቋ «እሱ» እና «እሷ» የለም፣
አንዲት ቃል ናት ያለቻቸው፣ ለሴትም ለወንድም፤
ባልና ሚስት የሚሟገቱት በስም ብቻ ነው።
እኔ ነኝ በአማርኛ
«ነህ» ወይ «ነሽ» እንድል የተገደድኩ ዳኛ።
ለሽማግሌው ፈረድኩ።

ዓይኑን ሞራ ጋረደው፤ መንጃ ፈቃዱን መለሰ፤
ኦትሶ የሚባል ጎረምሳ ሊገዛት ደረሰ።
ዞረ፣ ጎማ መታ፣ ኮፈኗን አነሳና፣
«ኡርሆ ነው ስምህ» አላት፣ «ይኸው አንተ ጀግና!»

ካሌርቮ ቁልፍ ሲያስረክብ ሁሉን ነገረው፦
ማርሹን፣ ዳገቱን፣ ኩርፊያዋን፤
ስሟን ግን ዋጠው።

ተነሳች። አላሳለችም። ዳገቱንም ወጣች።
ሳይሚ፣ ክርክሩን የረታችው፣ ከመስኮቷ ሸሸች።

ዛሬም ሲመሽ ይወጣል፣ ገመዱን ያወርዳል፣
(የለመደ እጅ አይደል?)
ከጫፉ በረዶ አራግፎ መልሶ ያንጠለጥላል።
ጎማዎቿ ባረፉበት
አመዳይ ሞልቶበት፣
ቆሞ ያያል፣ በነጠላ ጫማ፣ ጆሮው እስኪቀላ።

ሳይሚ በሩን ከፈተች፣ ካፖርቱን አንጠልጥላ፦
«ግባ በቃ» አለችው፣
«ልጁ ሌምፒን ሰክቶላት ይሆናል።»