ያየው ሰው ስም

«ተኝቶ ተገኘ» ይላል ወረቀቱ፤
ማን እንዳየው የለም፣ ከየት በኩል፣ ስንት ሰዓት ሌሊቱ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ከቶሊዶ እቶን ፊት
ብርጭቆ ያቀለጠ ቨርነን ቴት
በአንዲት መስመር ተሸኘ።

የማኅበሩ ተጠሪ እኔው ዶሎረስ ነኝ፤
ለአሠሪው ጻፍኩ፦ «የምስክሩን ስም ስጡኝ።»
«ምስጢር ነው» አሉ።
ደግሜ ብጽፍ ቃሉን ላኩልኝ ገልብጠው፣
ስሙ ላይ ጥቁር ቀለም ገልብጠው።

ጠርሙስ እንሠራለን፣ ውስጡ ወለል ይላል፤
ከዚያው ከእኛው አሸዋ ቢሮው ግንብ ይተክላል።

ወረቀቱን ይዤ ወደ መስኮት ባስጠጋው፣
«ከማሸጊያው በኩል» የሚል ቃል ቀርቷል፣ ቀለሙ የዘነጋው።
ከማሸጊያው በኩል ምሰሶ አለ፣ ወፍራም፤
እዚያ የቆመ ሰው እቶኑን አያይም።

ቨርነን መነጽሩን በሸሚዙ ወልውሎ፣
«አልቀየመውም» አለኝ፣ ትንሽ ሳቅ ብሎ፤
«ዓይኔን ከጨፈንኩኝ ላቤን ማን ጠረገ?
ይህችን ብቻ ልጠይቀው፣ ሌላ ማን ፈለገ።»

በስድስተኛው ወር፣ ቦርዱ አዝዟቸው፣
ስሙ በፖስታ መጣ፣ በማኅተማቸው።
ማክሰኞ ማታ ነው፤ ቢራው ሞቆ ቀረ፤
ፖስታውን ገፋልኝና አቀረቀረ፦

«አንቺው ክፈቺው እባክሽ።
ዓሣ አብሮኝ የሚያጠምድ ሰው ስም ከሆነ ግን
አትንገሪኝ ዛሬ።»