ያው ነው

ደምበጫ ገበያ ረፋድ ላይ ደረስሁ፤
ቅጹን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ጠየቅሁ፦
«ሽንኩርት፣ አንድ መደብ?»
«ሃምሳ ብር፣ ያው ነው» አለችኝ ውድነሽ፣
ቀና ብላ ሳታይ።

ጻፍሁ፦ ሃምሳ። ለውጥ፦ ዜሮ።

ከዚያ ዐይኔ ቆጠረ፤
ባለፈው ወር ሰባት ራስ፣ ዛሬ አምስት፣
አንዷም የነጭ ሽንኩርት ታናሽ።
ለጎደሉት ሁለቱ ቅጹ ዓምድ የለውም።

የበርበሬው ጣሳም
ቂጡን ወደ ውስጥ ደቁሰውት
ሆዱን አስገብቷል እንደ ጿሚ፤
ዋጋው ግን ያው ነው።

ብዕሬን ከትቼ ሸማች ሆንሁ።
«በይ እንግዲህ መርቂኝ!»
ድሮ ሁለት ራስ የሚጨምረው እጇ
ባዶውን ወደ ሰማይ ተዘረጋ፤
«ዕድሜ ይስጥህ፣ ልጄ።»

አሜን አልሁ።
ለቢሮው በላክሁት ወረቀት ላይ
ደምበጫ ተረጋግታለች።